ጧፍ ብርሃን ላይ ሮው ቪዲዮ ስትቀርፁ ኖይዙን እንዴት እንደምትይዙት

ሮው መቅረፅ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚያስደነግጣችሁ ማታ ላይ የሚመጣው ኖይዝ፣ ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ፣ ነው። ቀን ላይ ያን ሁሉ ከለርና ዝርዝር የሚሰጣችሁ ካሜራ ጨለም ያለ ቤት ስትገቡ ጥላው ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ያስመስለዋል። ከዛ ሰው ይመጣና ስልኬ እንኳን ከዚህ የተሻለ ያወጣል ይላችኋል፣ እውነቱን ነው ደግሞ፣ ግን ስልኩ ኖይዙን እዛው ውስጡ አጥቦ ነው የሚሰጠው፣ ከኖይዙ ጋር የቆዳውንም የፀጉሩንም ዝርዝር አብሮ ያጥባል። ሮው ግን ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ያየውን ብዙም ሳይነካ ነው የሚያስረክባችሁ፣ ማጠቡ የእናንተ ስራ ነው፣ ምን ያህል እንደሚታጠብም የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሮውን የምወደው ለዚህ ነው።

ወሬው በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ቁርጥ ያለ ሁኔታ ልውሰድ፦ የገና ወይም የትንሳኤ ሌሊት ነው፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ናችሁ፣ ምእመኑ ጧፍ ይዟል፣ ካሜራችሁ ብላክማጂክ ፖኬት 4ኬ ነው። ይሄን የመረጥኩት መብራት መጨመር የማይቻልበት ቦታ ስለሆነ ነው፣ ሰው እየፀለየ ፊቱ ላይ ኤልኢዲ አይበራም። ይሄን ከተወጣችሁት የመልስ ማታውም፣ ቤት ውስጥ የሚቀረፀው የቡና ስነስርዓትም፣ መብራት የጠፋ ቀን የሚቀረፀው ኢንተርቪውም ይቀላችኋል።

ኖይዙ ከየት ነው የሚመጣው

ይሄን ክፍል አትዝለሉት፣ ከታች ያለው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው። ብርሃን በፎቶን በፎቶን፣ በቅንጣት በቅንጣት ማለት ነው፣ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው፣ አመጣጡ ደግሞ እኩል እኩል አይደለም። አንድ ፒክስል በአንድ ፍሬም በአማካይ 100 ፎቶን የሚደርሰው ከሆነ ቁጥሩ በ10 ገደማ ከፍ ዝቅ ይላል፣ 10 ፐርሰንት ማለት ነው፣ ይሄ በዓይን በደንብ ይታያል። 10,000 ከደረሰው ግን ከፍ ዝቁ 100 ገደማ ነው፣ 1 ፐርሰንት ብቻ፣ እሱን ማንም አያየውም። በሌላ አባባል ብርሃኑን 4 እጥፍ ስታደርጉት ኖይዙ ከምስሉ አንፃር በግማሽ ይቀንሳል። ይሄ የሴንሰሩ ጥፋት አይደለም፣ የብርሃን ተፈጥሮ ነው፣ በዓለም ላይ በጣም ውድ የሚባለው ካሜራም አያመልጠውም።

ሁለተኛው ኖይዝ የኤሌክትሮኒክሱ ነው፣ ሴንሰሩ የሰበሰበውን ቻርጅ ወደ ቁጥር ሲቀይር ሁሌ ትንሽ ይዛባል፣ ብርሃን በሌለበት ጥቁር ቦታ ላይ በብዛት የምታዩት እሱን ነው። ሦስተኛው ከፍሬም ፍሬም ቦታ የማይቀይረው ነው፣ ቀጥ ብለው የወረዱ ስስ መስመሮች ወይም ሁሌ አንድ ቦታ ላይ የሚያበራ ቀይ ወይም ነጭ ነጥብ። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው መድሃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። የሚርመሰመሰውን ብዙ ፍሬም አማክላችሁ ታጠፉታላችሁ፣ የማይንቀሳቀሰው ግን ፍሬም ስታማክሉበት ዙሪያው ይፀዳና ጭራሽ እሱ ጎልቶ ይወጣል፣ ብዙ ሰው ዲኖይዝ አድርጌ (ኖይዙን በሶፍትዌር አጥፍቼ) ባሰብኝ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

እና ዋናው ነገር፣ አይኤስኦ (ምስሉን የሚያደምቀው የካሜራው ቁጥር) ኖይዝ አይፈጥርም። ኖይዙን ያመጣው የብርሃኑ ማነስ ነው፣ አይኤስኦ ከፍ ስታደርጉ ያነሰውን ብርሃን አጉልታችሁ ታያላችሁ እንጂ ሌላ የተጨመረ ነገር የለም። ስለዚህ ስንት አይኤስኦ ላድርግ ከማለታችሁ በፊት ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰውን ብርሃን በምን ልጨምር በሉ፣ አይኤስኦ ከሁሉም መጨረሻ ነው።

ካሜራውን ከመንካታችሁ በፊት

ቦታ ምረጡ። ጧፍ ትንሽ ነበልባል ናት፣ ብርሃኗ በርቀት በጣም ነው የሚወድቀው፣ ፊት ከጧፉ 1 ሜትር ርቆ ከነበረና 50 ሳንቲ ላይ ከሆነ ብርሃኑ 4 እጥፍ ይሆናል፣ 2 ስቶፕ ማለት ነው (1 ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው)። 2 ስቶፕ የሚጨምር ሌንስ ስንት ብር እንደሚጠይቅ ታውቁታላችሁ፣ ይሄኛው በነፃ ነው። ማንንም ጠጋ በል ቀረብ በይ ማለት አይጠበቅባችሁም፣ ጧፉን ወደ ደረቱ አስጠግቶ የያዘ ሰው ፈልጋችሁ እሱን ቅረፁ።

ነጠላ የለበሰ ደግሞ ቢሆን ይመረጣል። አንዲት እናት ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ጧፉን ደረቷ ፊት ስትይዝ ልብ ብላችሁ እዩ፣ ነበልባሉ መጀመሪያ ያረፈው ነጠላው ላይ ነው፣ ከዛ ተመልሶ አገጯን ከስር ያበራዋል፣ ጉንጯ ላይ ያለው ጥላ ይለሰልሳል፣ የነጠላው ጠርዝ ደግሞ ፊቷን ከኋላው ጨለማ ይለይላችኋል። በዛው ርቀት ያንኑ ጧፍ የያዘ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ ብትቀርፁ ግማሽ ፊቱ ይጠፋል፣ ካሜራውም ሌንሱም አይኤስኦውም አንድ ሆኖ ማለት ነው። እና ጧፍ ከሰው ሰው ሲለኮስ ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ፣ ሁለት ነበልባል ሁለት ፊት ስር ሲገናኝ ለጥቂት ሰከንድ ብርሃኑ እጥፍ ነው፣ ምስሉም ከዛ ሌሊት ከምትወስዱት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው ብዬ አስባለሁ።

መብራት መጨመር የሚቻልበት ቤት ከሆነ ትንሽ ኤልኢዲ ወደ ኮርኒሱ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አዙራችሁ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ አብሩት፣ ከለሩን ወደ 3200 ኬልቪን (የብርሃን ከለር መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ ይሄዳል) አድርጉት፣ ድባቡ አይረበሽም ጥላው ግን ባዶ አይሆንም።

ሌንስ ላይ ብዙ አልልም። ከብዙ ካሜራ ጋር የሚመጣው ዙም ሲረዝም ኤፍ 5.6 ላይ ነው የሚቆመው (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይገባል)፣ ርካሹ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ከሱ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ፖኬት 4ኬ ላይ የካኖን ሌንስ የምታስሩ ከሆነ አዳፕተሩን ስፒድ ቡስተር (ብርሃኑን ሰብስቦ የሚያደምቅ መስታወት ያለው) አድርጉት፣ 0.71 የሚለው 1 ስቶፕ ሙሉ ይጨምርላችኋል፣ ባዶውን አዳፕተር ማሰር ለማታ ስራ ያሳዝነኛል። አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) በተከፈተ ቁጥር ፎከስ ስለሚጠብ ኤፍ 1.4 ላይ የሚወዛወዝ ሰው ተከትላችሁ ፎከስ መያዝ ከባድ ነው፣ ከተሳለና ትንሽ ኖይዝ ካለው ምስል ይልቅ ንፁህ ሆኖ ፎከስ የሳተ ምስል ነው የሚያናድደው፣ ስለዚህ እጃችሁን አይታችሁ ወስኑ።

ሻተሩ (አንድ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስብበት ጊዜ) 25 ፍሬም ላይ 180 ዲግሪ ነው፣ 1/50 ማለት ነው። አገር ቤት መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50 አይብለጨለጭም፣ አውሮፓም እስራኤልም ዱባይም ያላችሁ እንደዛው፣ አሜሪካና ሳውዲ ያላችሁ ግን 60 ኸርዝ ስለሆነ 1/60 አድርጉት። ጧፍ ብቻ ከሆነ የኸርዝ ጣጣ የለም። ብዙ እንቅስቃሴ የሌለው ሾት ከሆነ፣ የቆመ ሰው፣ ስዕለ አድህኖ፣ የጧፍ ማስቀመጫ ምናምን፣ ወደ 360 ዲግሪ ክፈቱት፣ 1/25 ይሆናል፣ 1 ስቶፕ አተረፋችሁ። ለሽብሸባ ግን አታድርጉት፣ እጁም መቋሚያውም እየተሳበ ጭስ ይመስላል።

አይኤስኦው ላይ ያለው ሚስጥር

ፖኬት 4ኬ ሁለት ኔቲቭ (ሴንሰሩ የተሰራበት መነሻ) አይኤስኦ ነው ያለው፣ 400 እና 3200። ከ100 እስከ 1000 ያለው በአንደኛው ሰርኪዩት ነው የሚነበበው፣ ከ1250 እስከ 25600 ያለው በሁለተኛው፣ ሁለተኛው ደግሞ ለጨለማ ተብሎ የተሰራ በራሱ ኖይዙ ያነሰ ነው። ይሄ ማለት 1250 ከ1000 የበለጠ ንፁህ ነው ማለት ነው። በቁጥሩ ፈርቶ 1000 ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ነው፣ ሁለት ክሊፕ ቤታችሁ ውስጥ ሻማ አብርታችሁ 1000 ላይና 1250 ላይ ቅረፁና ጥላውን አጉልታችሁ አወዳድሩት፣ ከዛ በኋላ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ጧፍ ላይ ስትሆኑ ያለምንም ማመንታት ወደ ላይኛው ክልል ግቡ።

አሁን ደግሞ በዛው ክልል ውስጥ፣ ሮው ስትቀርፁ 1250 ብትሉትም 6400 ብትሉትም ሴንሰሩ የሚነበበው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፣ ቁጥሩ ፋይሉ ላይ እንደ ማስታወሻ ነው የሚፃፈው፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ (ኤዲት የምታደርጉበት ፕሮግራም) ላይ መልሳችሁ ትቀይሩታላችሁ። ታዲያ ልዩነቱ ምን ላይ ነው ካላችሁ፣ እናንተ ላይ ነው። 6400 ስታደርጉት ስክሪኑ ደምቆ ይታያችኋል፣ በቃኝ ብላችሁ አፐርቸሩን ትዘጋላችሁ ወይም ከጧፉ ትርቃላችሁ፣ ኖይዙ የሚገባው ያኔ ነው። 1250 ላይ ካስቀመጣችሁት ግን ስክሪኑ ጨለም ስለሚል ትከፍታላችሁ፣ ትጠጋላችሁ፣ የተሻለ ቦታ ትፈልጋላችሁ። 1250 ላይ ትክክል የመሰለ ፊት 3200 ላይ ትክክል ከመሰለው ከ2 እጥፍ በላይ ብርሃን ሰብስቧል። ስለዚህ የኔ ምክር 1250 ጀምሩ፣ ሁሉን ነገር ሞክራችሁ ካልሆነ ብቻ ወደ 3200 ሂዱ፣ ከዛ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ሾቱን ቀይሩት።

ኤክስፖዠሩን በስክሪኑ ድምቀት አትመኑት፣ ጨለማ ውስጥ ዓይናችሁ ስለሚለምድ ስክሪኑ ሁሌ ከሚገባው በላይ ደማቅ ይመስላችኋል። ፎልስ ከለር (የምስሉን ድምቀት በቀለም የሚያሳየውን) አብሩት። አረንጓዴው መካከለኛ ግራጫ ነው፣ ሮዙ ከሱ 1 ስቶፕ በላይ ነው፣ ሮዙ ለፈካ ቆዳ ነው የሚመከረው፣ ለጠቆረ ቆዳ አረንጓዴው፣ ስለዚህ የብዙዎቻችን ጉንጭ በጧፉ በኩል ያለው ጎን አረንጓዴ ከነካ ጥሩ ነው። በሌላ ጎን ያለው ጉንጭ ቢጨልም ይጨልም፣ ሌሊት ነዋ። ነበልባሉ ቀይ ይሆናል፣ ተቃጥሏል፣ ዝርዝሩ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ተዉት፣ የጧፍ ነበልባል በዓይንም ሲታይ ከሁሉም የደመቀው ነው፣ ነበልባሉን ለማዳን ብላችሁ 3 ስቶፕ ብትዘጉ ፊቱን በሙሉ ለኖይዝ አስረከባችሁት። ነጠላው ግን አይቃጠልባችሁ፣ ጥለቱና ሽመናው መታየት አለበት፣ ዜብራውን (ከልክ በላይ የደመቀ ቦታ ላይ የሚወጣውን መስመር መስመር ምልክት) 95 ወይም 100 ላይ አድርጋችሁ ነጠላው ላይ ሰፊ ቦታ እንዳይዝ ተከታተሉ። ፊት አረንጓዴ፣ ነበልባል ቀይ፣ ነጠላ ከዜብራ በታች፣ ይሄን ካገኛችሁ ሪዞልቭ ላይ የሚቀራችሁ ስራ ትንሽ ነው።

የጧፍ ልዩ ጣጣ፦ ሰማያዊው ቻናል

ይሄን ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እኔ ግን የጧፍ ኖይዝ ግማሹ እዚህ ነው ያለው እላለሁ። የጧፍና የሻማ ብርሃን ወደ 1900 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ቀይ ሞልቶታል፣ ሰማያዊ የለውም ማለት ይቻላል። ሴንሰሩ ላይ ቀዩ ፒክስል ጠግቦ ሰማያዊው ፒክስል በባዶ ነው የሚያድረው። እናንተ ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭ ብሎ የሚወስደውን ከለር) ዝቅ አድርጋችሁ ነጠላውን ነጭ ለማድረግ ስትሞክሩ ሶፍትዌሩ ያንን ባዶ ሰማያዊ ቻናል በብዙ እጥፍ ያባዛዋል፣ ከብርሃኑ ጋር ኖይዙም አብሮ ይባዛል፣ ያ በጥቁር ፀጉርና በጥላው ላይ የሚታየው ሰማያዊና ሐምራዊ ነጠብጣብ ሁሉ ከዛ ነው የሚመጣው። አይኤስኦ ብትቀንሱ አይጠፋም፣ ምክንያቱም ከአይኤስኦ አልመጣም።

መፍትሄው ነጠላውን ነጭ አታድርጉት፣ በቃ። ዋይት ባላንሱን 3200 ላይ ተዉት እንጂ ወደ 2500 አትውረዱ፣ ወርቃማ ሆኖ ይቀመጥ፣ እዛ ሌሊት የነበረ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ወርቃማ ሆኖ ነው። ሰማያዊ ፊልተር ሌንሱ ላይ አድርጉ የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል፣ እንደዛ ዓይነት ፊልተር ሰማያዊ አይጨምርም፣ ቀዩን ነው የሚቀንሰው፣ ብርሃን እያለቀሳችሁ በምትፈልጉበት ሰዓት 2 ስቶፕ ይበላባችኋል፣ አይሆንም።

ፋይሉን አታፍኑት

ኖይዝ ለኮምፕሬሽን ከሁሉም የከበደ ነገር ነው፣ ከፍሬም ፍሬም ስለማይመሳሰል ኮምፕሬሽኑ ያቅተውና ትንንሹን ነጠብጣብ ወደ ትልልቅ ጭቃ ይቀይረዋል፣ ጭቃ የሆነውን ደግሞ የትኛውም ዲኖይዘር በስርዓቱ አያወጣላችሁም። ስለዚህ ቀን ላይ 8 ለ 1 ወይም 12 ለ 1 (ፋይሉ በስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ ነው) የምትቀርፁ ብትሆኑም ማታ 3 ለ 1 ወይም ከፍተኛውን የጥራት ምርጫ ኪው 0 አድርጉት። 25 ፍሬም ሙሉ 4ኬ ላይ 3 ለ 1 በሰዓት ወደ 400 ጊጋ ይወስዳል፣ ብዙ ነው አውቃለሁ፣ ቅዳሴው ደግሞ ረጅም ነው። ኤስኤስዲው ካልበቃ ሰፋ ያሉትንና ረጃጅሞቹን 5 ለ 1 ቅረፁ፣ በሰዓት ወደ 240 ጊጋ ይሆናል፣ የፊት ቅርብ ሾቶችን ብቻ በ3 ለ 1። 12 ለ 1 ማታ ላይ ጭራሽ አትንኩት።

ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ ካሜራውን ለጥቂት ደቂቃ አብርታችሁ ትንሽ ከሞቀ በኋላ ሌንሱን ክዳን ግጠሙበትና ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የፒክስል ካሊብሬሽን አስኬዱት፣ ቋሚ ሆነው የሚያበሩትን ነጥቦች ፈልጎ ይደብቃቸዋል። ሴንሰር በሞቀ ቁጥር እነዚህ ነጥቦች ይበዛሉ፣ ድሬዳዋና አፋር አካባቢ የምትሰሩ በእረፍት ሰዓት ካሜራውን አጥፉት፣ የማራገቢያውንም ቀዳዳ በጨርቅ አትሸፍኑት።

ሌላ ካሜራ ያላችሁ

ሶኒ ኤ7ኤስ 3 እና ኤፍኤክስ 3 ላይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ ኤስሎግ 3 (የሶኒ የቪዲዮ ፕሮፋይል) ላይ የላይኛው ቤዝ፣ ማለትም ሁለተኛው መነሻ አይኤስኦ፣ 12800 ነው፣ ስለዚህ 8000 ወይም 10000 ላይ ከመንገላታት 12800 ማድረግ ይሻላል፣ ትርፍ ብርሃን ከሆነ አፐርቸሩን ትዘጋላችሁ። ሮው የሚወጣው በኤችዲኤምአይ ወደ አቶሞስ ኒንጃ (ከውጪ የሚሰካ መቅረጫ) ነው፣ ካሜራው ውስጥ የነበረው ዲኖይዝ ሮው ላይ ስለማይኖር ከውስጥ ቀረፃው የበለጠ ኖይዝ ቢያሳያችሁ አትደንግጡ።

ማጂክ ላንተርን (ካኖን ካሜራ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ሶፍትዌር) የጫናችሁ የካኖን 5ዲ ማርክ 3 ሰዎች ግን ሕጉ ይለይባችኋል። ይሄ ካሜራ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማጂክ ላንተርን 14 ቢት ሮው ቪዲዮ ያወጣል፣ አሁንም የሚያምር ምስል ነው። ግን በዝቅተኛ አይኤስኦ ላይ የኤሌክትሮኒክሱ ኖይዝ ከፍተኛ ስለሆነ 100 ላይ ቀርፆ በኋላ ማንሳት አያዋጣም፣ ጥላው ውስጥ መስመር መስመር ይወጣል። እዚህ ላይ ጨለማ ቦታ 1600 ወይም 3200 እዛው ካሜራው ላይ ማድረግ ነው የሚሻለው፣ ሙሉ ቁጥሮቹን (400፣ 800፣ 1600፣ 3200) ተጠቀሙ፣ ከ3200 በላይ ግን ለሮው የሚጨምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እና ዳርክ ፍሬም (ባዶ ጨለማ ቀረፃ) ውሰዱ፣ ቀረፃው ሳያልቅ በዛው አይኤስኦ፣ በዛው ሻተር፣ በዛው ፍሬም ሬትና ሬዞሉሽን ሌንሱን ከድናችሁ ጥቂት ሰከንድ ቅረፁ፣ ኤምኤልቪ አፕ (የማጂክ ላንተርንን ሮው የሚከፍተው ፕሮግራም) ላይ ያንን አማክሎ ከእውነተኛው ክሊፕ ይቀንስላችኋል። የሚያጠፋው ቦታ የማይቀይረውን ኖይዝ ብቻ ነው፣ የሚርመሰመሰው ይቀራል፣ ግን መስመሮቹ ከሄዱ በኋላ ቀሪውን ዲኖይዝ ማድረግ በጣም ይቀላል።

ሪዞልቭ ላይ

የሪዞልቭ ኖይዝ ሪዳክሽን ያለው ስቱዲዮው (የሚከፈልበት) ላይ ብቻ ነው፣ ነፃው ላይ ሞክራችሁ ምስሉ ላይ ፅሁፍ ቢወጣባችሁ ለዛ ነው። ስቱዲዮው 295 ዶላር ነው፣ አንዴ ነው የሚከፈለው፣ ፖኬት 4ኬ አዲስ ሲሸጥ ግን የስቱዲዮ ቁልፍ አብሮት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ካሜራውን ከሰው የምትገዙ ከሆነ ቁልፉ የት አለ ብላችሁ ጠይቁ።

ካሜራ ሮው ታብ ላይ ሻርፕነስ የሚል ካለ ወደ 0 አውርዱት፣ ኖይዝን አሳልቶ ከዛ ማጥፋት ትርጉም የለውም። ከዛ መጀመሪያው ኖድ (የማስተካከያ ሳጥን) ላይ ቴምፖራል ኖይዝ ሪዳክሽን አድርጉ፣ ይሄ ጎረቤት ፍሬሞችን አማክሎ ነው የሚሰራው፣ 4 ፍሬም ሲማከል የሚርመሰመሰው ኖይዝ በግማሽ ይቀንሳል፣ የማይንቀሳቀሰው ዝርዝር ግን አይነካም። ፍሬሙን 2 ወይም 3፣ ሞሽን ኢስቲሜሽኑን ቤተር አድርጉት። የሉማና (የድምቀቱ) የክሮማውን (የከለሩ) ማያያዣ ፍቱት፣ ክሮማውን ከፍ፣ ሉማውን ዝቅ አድርጉ፣ የሚያስቀይመው የከለር ነጠብጣቡ ነው እንጂ ትንሽ የሉማ ኖይዝ ፊልም ይመስላል፣ ዓይን ይቀበለዋል። ስፔሻሉን (spatial፣ በአንድ ፍሬም ውስጥ ጎረቤት ፒክስሎችን የሚያማክለውን) ከዛ በኋላ ካስፈለገ ብቻ፣ እሱንም ክሮማ ላይ ብቻ በትንሹ፣ ሉማ ላይ ስትጨምሩት ነው የሙሽራዋ ፊት ፕላስቲክ የሚሆነው። ሹሩባ ላይ እዩት፣ የሹሩባው መስመር መዋሃድ ከጀመረ አልፋችሁታል።

መጠኑን ለመወሰን ደግሞ ሃይላይቱን አብሩና የኤ/ቢ ዲፈረንስ ሞዱን ምረጡ፣ ዲኖይዘሩ የወሰደውን ነገር ብቻ ለብቻው ያሳያችኋል። እዛ ላይ የምታዩት ጠጠር ጠጠር ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው። የዓይን ሽፋሽፍት፣ የነጠላ ጥለት፣ የመስቀል ቅርፅ መታየት ከጀመረ ከምስሉ ላይ እየወሰደባችሁ ነውና ቀንሱ። ምስሉን አቁማችሁ ብቻ አትፍረዱ፣ አጫውቱት፣ ቆሞ ንፁህ የመሰለ ምስል ሲሄድ ከሚወዛወዝ እጅ ኋላ ጥላ እየጎተተ ሊሆን ይችላል።

ለጧፍ ክሊፕ አንድ ተጨማሪ ስራ አለ። ስፕሊተር ኮምባይነር ጨምሩና ሰማያዊውን ቻናል ለብቻው አውጡት፣ ኖዱን ለብቻው ስታዩት ቀይና አረንጓዴው ምን ያህል ንፁህ፣ ሰማያዊው ምን ያህል የተበላሸ እንደሆነ ትገረማላችሁ። ጠንካራውን ዲኖይዝ እዛ ሰማያዊው ላይ ብቻ አድርጉት፣ ስፔሻልም ቢሆን እዚህ ላይ አትፍሩ፣ የምስሉ ዝርዝር በብዛት ያለው አረንጓዴው ላይ ስለሆነ ሰማያዊው ቢለሰልስ ማንም አያውቅባችሁም። እኔ ከሁሉም ብልሃት በላይ ይሄኛውን ነው የምወደው፣ ሙሉውን ምስል ሳትነኩ የታመመውን ቦታ ብቻ ታክማላችሁ።

ከዛ ግሬድ ስታደርጉ (ከለሩን ስታስተካክሉ) ጥላውን ወደ ብርሃን አትጎትቱት። ሮው ስለሆነ ብቻ ጨለማ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማሳየት ግዴታ የለባችሁም፣ የቤተክርስቲያኑ ጣራ ጨለማ ከነበረ ጨለማ ይሁን፣ ከርቩን ከታች ትንሽ ወደ ጥቁር ሳቡት፣ የቀረው ኖይዝ ብዙው እዛው ይቀበራል። ላፕቶፓችሁ ከከበደው ኤዲቱን ስታስሩ ዲኖይዙን አጥፉት፣ መጨረሻ ላይ አብርታችሁ ኤክስፖርት አድርጉ። ስቱዲዮ የሌላችሁ ደግሞ ኒት ቪዲዮ የሚባለው ፕለጊን አለ፣ የሚከፈልበት ነው ግን ጎበዝ ነው። እሱም ካልሆነ 4ኬ የቀረፃችሁትን 1080 ላይ ጨርሱት፣ 4 ፒክስል ወደ 1 ሲማከል ኖይዙም አብሮ ይቀንሳል፣ በነፃ የሚገኝ ዲኖይዝ ነው።

ስታስረክቡ

በጣም የፀዳ ጨለማ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ደረጃ ደረጃ እየሰራ ክብ ክብ ይወጣበታል፣ በተለይ ከጧፉ ዙሪያ ብርሃኑ ቀስ እያለ የሚጠፋበት ቦታ ላይ። ስለዚህ ዲኖይዙ ካለቀ በኋላ በመጨረሻው ኖድ ላይ በጣም ትንሽ ግሬይን መልሳችሁ ጨምሩ፣ ያጠፋችሁትን መመለስ አይደለም፣ ያኛው ባለከለር ነጠብጣብ ነበር፣ ይሄ ለሁሉም እኩል የተበተነ ደቃቅ ነገር ነው፣ ደረጃውን ይሰብረዋል። ዩቲዩብ ላይ 4ኬ አድርጋችሁ ጫኑት፣ ስራውን 1080 ላይ የጨረሳችሁት ቢሆንም እንኳን፣ ለ4ኬ የሚሰጠው ቢትሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ጥላው ይተርፋል። ቲክቶክ ላይ ለሚወጣው ግን ግሬይኑን ተዉት፣ ዲኖይዙንም ትንሽ ጨመር አድርጉት፣ እዛ ያለው ኮምፕሬሽን ማንኛውንም ነጠብጣብ ወደ ካሬ ካሬ ይቀይረዋል።

ቴሌግራም ላይ ለባለጉዳዩ ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ ካልሆነ እንደገና ይጨምቀዋል። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ብራይትነስ ሙሉ አድርጋችሁ አንዴ እዩት፣ አብዛኛው ሰው ሌሊቱን አልጋው ላይ ሆኖ በስልኩ ነው የሚያየው።